የሚግለው አሮጌ ዴስክቶፕ፦ የጥገና ማስታወሻ

ማሽኑ፦ በሱቅ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ፣ አዲስ አበባ፣ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ላይ የሚውል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-2400 (በአውሮፓ አቆጣጠር የ2011፣ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ 95 ዋት)። ኤች61 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ፣ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ሁለት፣ ባለ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኩለሩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው) ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ክቡ አሉሚኒየም ነው፤ ፋኑ ባለ 4 ሽቦ።

ቅሬታው፦ «ሲፒዩው ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ድርግም ይላል።» እንደ ልማዳችን ሲፒዩ የተባለው ሳጥኑ በሙሉ ነው። ለምርመራ ግን ይህ አጠራር ችግር አለው፤ የቱ ክፍል እንደሚግል አይናገርም።

ጥር 4፣ ሳይፈታ መለካት

ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ቁጥር ያስፈልጋል። ኤችደብሊውኢንፎ (ሙቀትና የፋን ዙር የሚያሳይ ፕሮግራም) በፍላሽ ገባ፤ ሳይጫን የሚሠራው ዓይነት። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ 10 ደቂቃ ተጠበቀ። ዊንዶውስ 10 እንደተነሳ ዝማኔውንም የቫይረስ ፍተሻውንም አንድ ላይ ስለሚጀምር በዚያ ሰዓት የሚነበበው «ሥራ ፈት» ሙቀት ውሸት ነው።

የክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ይህ ሁልጊዜ መጻፍ አለበት። ጠዋት 17 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተለካውን ከቀትር በኋላው ጋር ማወዳደር ያልሠራ ጥገናን የሠራ ያስመስላል።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ ሥራ ፈት፦ 56 ዲግሪ። ፋን 1,950 ዙር በደቂቃ።
ሎድ (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ ፈተና፤ ፕራይም95 በተባለ ፕሮግራም፣ «ትንሹ ኤፍኤፍቲ» በሚለው ምርጫ)፦ በ3 ሰከንድ 89፣ በ1 ደቂቃ 98። ፍጥነቱ ከ3.2 ጊጋኸርዝ እየወረደ 1.6 ድረስ ደረሰ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። መንቀራፈፉ ይህ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 98 ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል። 98 እዚህ ከተማ ከፈላ ውሃ ይበልጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ጀበና የሚንተከተከው 92 ገደማ ላይ ነው።
በ38ኛው ደቂቃ ድርግም።

በዝርዝሩ ውስጥ «ኦክስቲን 127 ዲግሪ» የሚል መስመር አለ። ምንም ያልተያያዘበት ሴንሰር ነው፣ ችላ ይባላል። ያን ቁጥር አይቶ ማዘርቦርድ የሚያስቀይር አይጠፋም።

የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ያለው ከርነል-ፓወር 41 ብቻ ነው። 41 የሚለው «በሥርዓቱ አልተዘጋም» ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይልም።

የዕለቱ ድምዳሜ፦ ፕሮሰሰሩ ስለሚግል ማሽኑ ይጠፋል። (ስህተት ነው። ጥር 19ን ይመልከቱ።)

ጥር 5፣ አቧራ

ስፒናው ከዲቫይደሩ ተነቀለ፣ የማብሪያው ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጫነ፣ የጎኑ ክዳን ወረደ። በፋኑና በኩለሩ ክንፎች መካከል አቧራው ባዘቶ ሆኗል፤ በጣት ሲያዝ እንደ አንድ ጨርቅ ተገልጦ ወጣ። ከላይ ፋኑ ንጹሕ ይመስላል። ለዚህ ነው ክዳን ከፍቶ ዐይቶ «አቧራ የለውም» ማለት የማይበቃው፤ ፋኑ ተነስቶ ክንፎቹ መታየት አለባቸው።

ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ከዚያ ብሎወር። ሲነፋ ፋኑ በጣት ይያዛል። ሳይያዝ ከተነፋ ከአቅሙ በላይ ይፈተለካል፣ ቡሹን ይበላዋል፣ እንደ ዲናሞም ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ማዘርቦርዱ ይመልሳል።

ስህተት፦ የፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ያለው አቧራ በብሎወር አልወጣ ስላለ ሳጥኑ እንዳለ ጎማ ቤት ተወሰደ፣ 50 ብር፣ በኮምፕሬሰር ተነፋ። ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ቀድሞ አልተለቀቀም ነበር፤ የራሙ መሰኪያ ላይ ጠብታ ተረጨ። ኮምፕሬሰር የግድ ከሆነ ከታች ያለው የውሃ መልቀቂያ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ወደ መሬት ይነፋል፣ እጅ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ወደ ማሽኑ ይዞራል፤ ያውም ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ራሞቹ ወጡ፣ ሁሉም ክፍት ሆኖ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ዋለ፣ አደረ።

ጥር 7

ክፍል 23 ዲግሪ። ሥራ ፈት 50፣ ሎድ 95። የ50 ብሩም የሁለት ቀኑም ፍሬ ይኸው ነው።

ቁጥሩ ግን ዝም አላለም። ሎዱ በተጀመረ በ3 ሰከንድ 86 ደረሰ፣ ሲቆም በ2 ሰከንድ ወደ 60 ወረደ። የአየር ችግር እንዲህ አይሮጥም። አየር ሲያንስ ኩለሩ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ 8 እና 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሲበርድም እንደዚያው ይዘገያል። በሰከንድ የሚዘል ሙቀት ፕሮሰሰሩ ለኩለሩ ማስረከብ አቅቶታል ማለት ነው። ማረጋገጫው እጅ ነው፤ 95 በሚነበብበት ሰዓት የኩለሩ አሉሚኒየም ጠርዝ (ፋኑ ሳይነካ) ተዳሰሰ፣ ለብ ያለ ብቻ ነው። ኩለሩ ራሱ የሚያቃጥል ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ስለዚህ ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚደረገው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ወይም የኩለሩ አያያዝ።

ጥር 13፣ ቴርማል ፔስት

ጥምቀት አለፈ፣ ዕቃ ተገኘ። ባለ 4 ግራም ሲሪንጅ ፔስት 450 ብር፣ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል 120 ብር። 99 በመቶ የሆነው ይሻላል፤ 70ው ውስጥ ውሃ ስላለ ከተጠረገ በኋላ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ኩለሩ ሳይነሳ ማሽኑ 5 ደቂቃ ተሠራበት፣ ፔስቱ ይለሰልስ ዘንድ። ከዚያ ጠፍቶ፣ ስፒና ተነቅሎ፣ ኩለሩ ግራና ቀኝ ትንሽ እየተጠመዘዘ ተነሳ። ቀጥ አድርጎ መሳብ አይገባም። በዚህ ሶኬት ላይ ፕሮሰሰሩ በብረት መቀርቀሪያ ስለተያዘ አብሮ አይወጣም፤ በአሮጌዎቹ ኤኤምዲ ሶኬቶች ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ከነእግሮቹ ተነቅሎ ሲመጣ በተደጋጋሚ ታይቷል።

አሮጌው ፔስት ደርቆ ኖራ ሆኗል። ትኩረት የሳበው ግን አሻራው ነው። በፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ ከታች በቀኝ በኩል ቀጭን፣ የተጨፈለቀ፤ ከላይ በግራ በኩል ወፍራም፣ የኩለሩ ብረት ፈጽሞ ያልነካው። እንደ ግማሽ ጨረቃ። ይህ ፔስት ቢታደስም ባይታደስም ኩለሩ አዘንብሎ ነበር ማለት ነው። ታይቶ ተጻፈ፣ ግን አልተመረመረም። ይህም ስህተት ነበር።

በሶፍትና በአልኮል ተጠረገ። ሶፍት ብናኝ ይተዋል፤ የመጨረሻው ዙር በአሮጌ የመነጽር ጨርቅ ሆነ። አዲሱ ፔስት መካከል ላይ ጠብ ተደረገ፣ ከምስር የሚበልጥ ከሽንብራ የሚያንስ። በካርድ መቀባት አያስፈልግም፣ ኩለሩ ራሱ ይዘረጋዋል። መብዛቱም አይጠቅምም፤ የፔስት ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ጎድጓዳ መሙላት እንጂ ብረቱን መተካት አይደለም።

ኩለሩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያይዙት አራቱ የፕላስቲክ እግሮች ተጫኑ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ አራተኛው ድምፅ አልሰጠም። «ገብቷል» ተብሎ ታለፈ።

ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ተገባ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ፦ 61፣ 68፣ 74፣ 81። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጠፋ፣ በእጅ።

ጥር 14፣ አራተኛው እግር

ይህ እግር ከፊት ታይቶ አይፈረድበትም። ማዘርቦርዱ ከሳጥኑ ወጣ፣ ተገልብጦ ታየ። በትክክል የገባ እግር ከጀርባ ሲታይ ሁለት ነጭ ቅጠሎች ተከፍተው ጥቁሩ ሹል መካከላቸው ይታያል። ሦስቱ እንደዚያ ናቸው። አራተኛው አንድ ቅጠል ብቻ ነው ያለው፤ ሌላው ከሥሩ ተሰብሯል። ስብራቱ የቆየ ነው፣ ጠርዙ ላይ አቧራ ይዟል። አንድ ቀደምት እጅ ሰብሮት ትቶታል።

ፕላስቲኩ ከዓመታት ሙቀት በኋላ እንደ ብስኩት ይሆናል። በጭንቅላቱ ላይ የተቀረጸው ቀስት ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሚያሳየው የመፍቻውን አቅጣጫ ነው። ለመግጠም አስቀድሞ በተቃራኒው መመለስ አለበት። ሳይመለስ በጉልበት ሲጫን ቅጠሉ ይሰበራል።

አማራጮቹ፦ አንደኛ፣ ሙሉ ኩለር መግዛት። ሁለተኛ፣ በአራቱ ቀዳዳ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጀርባ በፕላስቲክ ዋሸር ማሰር። ጠንካራ ነው፣ ግን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ማዘርቦርዱን ያጎብጣል፣ ዋሸሩ ብረት ከሆነ ደግሞ መስመር ያገናኛል። ሦስተኛ፣ ከሞተ ማሽን እግር መንቀል። ሦስተኛው ተመረጠ። ከጥገና ሱቅ የወዳደቀ ኩለር 200 ብር። የሶኬት 1150፣ 1151፣ 1155 እና 1156 ኩለሮች ቀዳዳቸው እኩል 75 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እርስ በርስ ይገባሉ። የ775 ጠበብ ይላል፣ 72 ነው፤ ኩለሩ አይገጥምም።

አወጣጡ፦ ጥቁሩ ሹል ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ነጮቹ ቅጠሎች በቀጭን ፒንሳ ከታች ተቆንጥጠው ወደ ላይ ይገፋሉ። አራቱም ተቀየሩ፣ አንዱን ብቻ መቀየር ነገ ሌላውን መጠበቅ ነው።

ፔስቱ እንደገና ተጠረገ፣ እንደገና ተደረገ። አንዴ የተነሳ ኩለር በነበረው ፔስት ላይ አይመለስም፣ አየር ይቋጥራል። ማዘርቦርዱ ከሳጥን ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት አውራ ጣት በሰያፍ የሚተያዩት ማዕዘኖቹ በአንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ከዚያ ሌሎቹ ሁለቱ። አራት ቀጭታ። ተገልብጦ ታየ፣ አራት ጥቁር ሹሎች። ኩለሩ ተይዞ ሲነቀነቅ ማዘርቦርዱ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ክፍል 23። ሥራ ፈት 37። ሎድ በ3 ሰከንድ 58፣ በ15 ደቂቃ 70፣ እዚያው ቆመ። ፍጥነት 3.2 ጊጋኸርዝ፣ አልተነቃነቀም። ከ98 ወደ 70።

ጥር 19

ማሽኑ ለባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ተመልሶ መጣ። ይፈጥናል፣ አይንቀራፈፍም። ግን ይጠፋል። እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ።

ተፈተነ። ሎድ፣ 70 ዲግሪ፣ በ31ኛው ደቂቃ ድርግም። ቀድሞ 38 ነበር።

እዚህ ላይ የጥር 4 ገጽ ተገልጦ ተነበበ። ፕሮሰሰሩ 98 ላይ ያደረገው ፍጥነት መቁረጥ ነው። ራሱን ጨርሶ የሚያጠፋው ከዚያ እጅግ ርቆ፣ ከ120 ዲግሪ በላይ ነው። ባዮስ ውስጥ «በዚህ ሙቀት አጥፋ» የሚል ምርጫ አለ፤ ታየ፣ ዝግ ነው። እንግዲያው በ98 የጠፋው ማሽን በፕሮሰሰሩ ሙቀት አልጠፋም ነበር። ሁለት በሽታ ነው፤ አንዱ ያንቀራፍፋል፣ ሌላው ያጠፋል። በአንድ ላይ ስለመጡ እንደ አንድ ተቆጠሩ።

ቶሎ መጥፋቱም ያንኑ ያጸናል። ፕሮሰሰሩ ሲግል 1.6 ላይ እየወረደ ጥቂት ዋት ነበር የሚስበው። አሁን ቀዝቅዞ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ብዙ ይስባል፤ ይህን የማይችለው ክፍል ፈጥኖ ይወድቃል።

ጥር 20፣ ፓወር ሰፕላይ

ሳጥኑ ውስጥ ከላይ የተቀመጠ ነው። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኑ ወደ ታች ወደ ፕሮሰሰሩ ያያል፣ የሞቀውን አየር ስቦ ከኋላ ያስወጣል። ማለትም የፕሮሰሰሩ ትኩሳት በሙሉ በእሱ በኩል ያልፋል።

መልቲሜትር፣ ዲሲ 20 ቮልት ላይ። ጥቁሩ ጫፍ በትርፍ ሞሌክስ (ባለ 4 ሽቦ የኤሌክትሪክ መሰኪያ) ጥቁር ሽቦ፣ ቀዩ በቢጫው ላይ (12 ቮልት)። ጫፉ ቢጫውንና አጠገቡ ያለውን ጥቁር እንዳያገናኝ። በሶፍትዌር የሚነበበው 12 ቮልት አይታመንም፤ ይህ ማሽን ላይ 8.1 ይላል፣ በዚያ ቮልት ሀርድ ዲስኩም አይነሳም። የሚፈቀደው 5 በመቶ ከላይና ከታች ነው፣ ከ11.40 እስከ 12.60።

ሥራ ፈት፦ 11.91
ሎድ፣ መጀመሪያ፦ 11.63
ሎድ፣ 15 ደቂቃ፦ 11.48
ሎድ፣ 25 ደቂቃ፦ 11.29
30 ደቂቃ፦ ድርግም

በደቂቃ እየወረደ የሚሄደው ከሙቀት ጋር ነው። ከኋላ የሚወጣው አየር ለእጅ ይከብዳል፣ ፋኑ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚዞረው። ጠፍቶ በቀጭን እንጨት ሲገፋ ሩብ ዙር ሄዶ ይቆማል። የቡሹ ዘይት አልቋል። በባትሪ መብራት በወንፊቱ ሲታይ ሁለት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጣሳ መሰል ክፍሎች) ሆዳቸው ተነፍቷል፤ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት።

የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ማድረግ ታስቦ ተተወ። ፋኑን ሳምንታት ያሠራዋል፣ የተነፉትን ካፓሲተሮች ግን አያድናቸውም። ደግሞም የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን መክፈት ይጠይቃል፤ ከ220 ቮልት የሚወጣው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ውስጡ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ለማያውቅ እጅ አይከፈትም።

መለያው ላይ «500 ዋት» ተጽፏል። እውነቱ ያለው ከሥር ባለችው ትንሽ ሠንጠረዥ ነው፦ 12 ቮልት፣ 16 አምፔር። 192 ዋት ማለት ነው። ለዚህ ማሽን እሱም ይበቃ ነበር፤ ሲጨነቅም 10 አምፔር አይሞላም። አቅም አላነሰውም፣ አርጅቶ ግሎ ነው።

ጥር 26

ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ፣ 1,900 ብር። ሲገዛ የታየው፦ ሠንጠረዡ ላይ 12 ቮልት 25 አምፔር፣ ክብደቱ (ከአሮጌው በግልጽ ይከብዳል)፣ ፋኑ በትንሽ ግፊት ብዙ ዙር መዞሩ። መሰኪያውም ተጣራ፤ አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ካሠሯቸው ዴስክቶፖች የሚወጡት ባለ 24 ፒን አይደሉም፣ እዚህ አይገጥሙም።

አራት ብሎን፣ ባለ 24 ፒን፣ የሀርድ ዲስኩ፣ እና ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 4 ፒን። የመጨረሻው ይረሳል። ሲረሳ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ያኔ ራሙን ማውጣትና ማስገባት ይጀመራል።

ሎድ፣ መጀመሪያ 11.98። ከ1 ሰዓት በኋላ 11.94። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሠራበት፣ አልጠፋም።

የካቲት 1፣ የአየሩ መንገድ

ከኋላ ያለው ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን ላይ አንድ ቁራጭ ሶፍት ተያዘ። ወደ ወንፊቱ ተለጠፈ፣ ማለትም አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ተገልብጦ የተገጠመ ነው። ከላይ ፓወር ሰፕላዩ የሚያስወጣውን የሞቀ አየር ከሥሩ መልሶ ያስገባዋል። በፋኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ቀስቶች አሉ፣ አንዱ የዙሩን ሌላው የአየሩን አቅጣጫ ያሳያል። ተፈታ፣ ተገለበጠ። ወጪ የለም፤ ሎድ ከ70 ወደ 66።

የጎኑን ክዳን ከፍቶ መተውም ተሞከረ፦ 64። ለሁለት ዲግሪ በበጋ አቧራ ጥር 5 ላይ የታየውን ባዘቶ በፍጥነት መልሶ ማምጣት ነው። ክዳኑ ተመለሰ።

ለማነጻጸር፦ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ያንሳል፣ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ቆላ ከተማ ወይም ውጭ አገር የተለካ ቁጥር ከዚህኛው ጋር ዲግሪ በዲግሪ አይገጥምም። የራስን የትላንት ቁጥር መያዝ ይሻላል።

የካቲት 2

በቦታው ተፈተነ። ማሽኑ የሚቀመጠው ጠረጴዛ ሥር ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ጀርባው ዝግ፣ በሩም ይዘጋል። በሩ ተዘግቶ ከ1 ሰዓት ሎድ በኋላ 75፣ የሳጥኑ ውስጥ አየር 34 ዲግሪ። የጀርባው ጣውላ ተነቀለ፣ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ተራቀ። 67፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ።

ኬብል ሲሰካ የባዮሱ ሰዓት ወደ ኋላ መሄዱ ታየ። ባትሪው ሲአር2032 ነው፣ ሲለካ 2.68 ቮልት፤ አዲስ ሲሆን ከ3 በላይ ነው። ገና አልተቀየረም።